ካርቡራቶር ሥር የገባው ይለፍ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ያሳየሁት ወጣት መካኒክ ስልክ የምታክል መሣሪያ መሪው ሥር ሰካና «አየር በዝቶበታል፤ ነዳጅ አንሶታል» አለኝ። እጁ እንኳ አልቆሸሸም። እኔ ግን ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ አንድ ኬላ ትዝ ይለኛል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አምቦ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከሾፌራችን ከኦቦ ቶለሳ ጋር ጌዶ ደርሰን ስንመለስ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፒካፗ በካርቡራቶሯ በኩል «ጧ!» አለች። ደገመች። በሌላ ዘመን ያስቅ ነበር። ከፊታችን ግን ኬላ አለ፤ ጠባቂዎቹ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል። በዚያው ሰሞን ጎማው በፈነዳ የጭነት መኪና ላይ ተኩስ መስሏቸው ተኩሰዋል እየተባለ ይወራ ነበር።

ኦቦ ቶለሳ ዳር ይዘው አቆሙ።

«ነዳጁ ቆሽሾ ይሆን?» አልኳቸው።

«አንተ ቢሮህ ጻፍ፤ እዚህ ሞተሩን እኔ ልስማ።»

ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈቱ። ቡናማ መሆን የሚገባው ጫፏ እንደ አመድ ነጥቷል። «አየር እየሰረቀች ነው» አሉና መልሰው ገጥመው ሞተሩን አስነሡ። የምጠጣውን አምቦ ውሃ ከእጄ ነጥቀው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በካርቡራቶሩ ግርጌ ዙሪያውን አፈሰሱት። አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ የሚንገጫገጨው ሞተር ለአፍታ ረጋ። እዚያ ጋ አየር እንዳይገባ የሚከለክለው የማሸጊያ ወረቀት ተበልቶ ነበር።

«ወፍራም ወረቀት አምጣ።»

የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ ስማችንና የጉዟችን ምክንያት የተጻፈበት፣ ግርጌው ላይ ማህተም ያረፈበት የይለፍ ካርቶን።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ያለ እሱ ያስሩናል!»

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እየጮኸች ከሄደች ማን ያስርሃል? ይተኩስብሃል እንጂ። ማህተሙን እንተውልሃለን። ጽሑፉን ማን ያነባል?»

በዚያ ዕድሜዬ ጽሑፍ ከማህተም ይበልጣል ብዬ የማምን ሞኝ ነበርኩ። ካርቡራቶሩን ፈተው፣ ካርቶኑን በመዶሻ እየቀጠቀጡ በልኩ ቆረጡት፤ ሳሙና ቀብተው አሰሩት። ያቀበሉኝን ብሎን ሁለቴ ሣር ውስጥ ጣልኩ። 

ኬላው ላይ ወታደሩ ማህተም ያለባትን ቁራጭ ገለባብጦ አየ።

«የቀረውስ?»

«ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ጌታው» አሉ ኦቦ ቶለሳ።

«ትቀልዳለህ፣ ሽማግሌ?» መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። «የሞተሩን ክዳን ክፈት!»

ከካርቡራቶሩ ሥር የተረፈው ካርቶን እንደ ምላስ ወጥቷል። ጎንበስ ብሎ፣ ሳሙናውን በጣቱ ጠርጎ፣ ስሜን ፊደል በፊደል አነበበ። ጽሑፍ የሚያነብ ወታደር በሕይወቴ የገጠመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። መታወቂያዬን ተቀብሎ ከሞተሩ ጋር አመሳከረ።

«አስነሳው።»

ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። ሦስታችንም አዳመጥን። ሞተሩ አንዴ ተንፈራገጠ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ከዚያ ሳያስል ቀጥ ብሎ ሠራ።

«በሉ ሂዱ» አለ፣ «ወረቀታችሁ ሳይነድ።»

እኩዮቼ ያ ዘመን ሰውን ብልሃተኛ አድርጎት ነበር እያሉ ይናፍቁታል። እኔ አልናፍቅም፤ ያን ብልሃት የወለደው ፍርሃት ነው። ወጣቱ መካኒክ የቀየረልኝ አዲስ ማሸጊያ ከጎማ የተሠራ ነው፤ የማንም ስም አልተጻፈበትም። ገጥሞ ሲጨርስ ሞተሩን አስነሥቶ ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔ ግን ጆሮዬን ወደ ክዳኑ አዘንብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።