በሞተር የሄደ ሽምግልና

ጓደኛዬ ሚስት ሊያገባ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭስና ጩኸት ነው። ስልክ ቤት ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ የሰው ጉዳይ ሲያገናኝ ይውልና የራሱን ጉዳይ ማገናኘት አቅቶት ከረመ። ልጅቱ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ጎንደር ትማራለች፤ አባቷ ከዳባት ወዲያ ያሉ ባለርስት ናቸው፤ አይቷቸው አያውቅም። ሽማግሌ ተልኮ ተመላለሰ። በመጨረሻ አባትየው፣ «ሽማግሌዎቹ ሸጋ ሰዎች ናቸው፤ ግን ልጄን የምድረው ለነሱ አይደለም። ልጁ ራሱ ይምጣና ልየው» ብለው ላኩበት።

ይወዳት ነበር፤ ይህን እኔ እመሰክራለሁ። ስሟ ሲነሳ የጀመረውን ወሬ ይረሳ ነበር። «እምቢ ካሉኝ አበቃልኝ» ይለኝ ነበር፣ እውነቱን።

እንግዲህ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ጫማውን አራግፎ፣ እጅ ነስቶ መመለስ ይችል ነበር። ግን ሦስተኛው ጓደኛችን አስተማሪ ነው፤ ቀላል ነገር አይወድም። አዲስ አበባ ለኮርስ ሄዶ፣ ፈረንጆች በሞተር እየዞሩ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አይቶ ከመጣ ወዲህ ጣራ ሥር ማደር ኋላ ቀርነት ሆኖበታል።

«የሠለጠነ ሰው ከተፈጥሮ ጋር ያድራል» አለን።

«ጅቡስ ከማን ጋር ነው የሚያድረው?» አልኩት።

«ጅብ ድንኳን የለውም» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ምን ትከራከራላችሁ!

ዕቅዱን ያወጣው እሱ ነው። ቅዳሜ በሞተር እንነሳለን፤ ከልጅቱ አገር አፋፍ ላይ ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ጢማችንን ተላጭተን፣ ሞተሩን እያስጓራን እንገባለን። አባትየው በአገሩ ሰው ፊት እንዲህ ያለ አማች ሲያዩ እምቢ የሚሉበት አፍ የላቸውም። ሙሽራችን ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ በሞተር እንደሚመጣም በሽማግሌዎቹ አስላከ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው፤ ግን እኔም ሞተር ላይ መቀመጥ አምሮኝ እሺ አልኩ።

ሞተሮቹ ጣልያን ጥሎ የሄዳቸው ናቸው። ጣልያን ለምን ጥሏቸው እንደሄደ ያወቅሁት አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ነው። አስተማሪው ሰርዲንና ብስኩት ጭኖ ፊት ፊት ይሄዳል፤ እኔ ከሙሽራው ኋላ፣ ድንኳኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ። ወለቃ ላይ የሞተሩን ካንዴላ ስናጸዳ አንዲት ሸክላ ሻጭ ድንኳኑን አየችና፣ «ለለቅሶ ነው ለሰርግ?» አለችን። አስተማሪው ሜዳ ላይ ልናድርበት መሆኑን አስረዳት። «ውይ፣ በሞትኩት! ቤታችሁ ተቃጠለ?» አለች ከልቧ አዝና። አስተማሪው እስከ ዳባት ድረስ ስለ ሕዝቡ አለመንቃት ሲናገር ሄደ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ደረስን። ካስማውን መትተን፣ ድንኳኑ አንድ ሁለቴ አናታችን ላይ ወድቆ፣ በመጨረሻ እንደ ሰካራም ዘመም ብሎ ቆመ። ይኼኔ ጋቢ የለበሱ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሽማግሌ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ።

«እንደምን ዋላችሁ? ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ፤ ለማደር ነው» አለ አስተማሪው።

«ቤት እያለ? ነውር ነው! እንግዳ ከደጄ ሜዳ ላይ ካደረ አገሩ ምን ይለኛል? በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፣ በግ ታርዷል፤ ተነሱ በሉ።»

በግ! ጠዋት ከበላኋት አምባሻ ሌላ እህል አልቀመስኩም። አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ሙሽራችን ግን አዲሱን ሙሉ ልብሱን አሰበ፤ የገበሬ ቤት ጭስና ቁንጫ ተሸክሞ ነገ አማቱ ፊት ሊቆም ነው? በስልክ ቤት ድምፁ፣ «አይቸገሩ፣ አያ። እኛ ቤታችንን ይዘን ነው የምንሄደው። ምግብም አለን» አላቸውና የሰርዲኑን ቆርቆሮ አሳያቸው።

ሽማግሌው ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት።

«ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው።»

«ራሱስ?»

«ተቆርጧል።»

«ይሁን እንግዲህ» አሉና መለሱለት። ድጋሚም ለመኑን፤ አንዴ እንኳ ገብታችሁ እሳት ሙቁ አሉ። ሙሽራው በእጁ ወደ መንገዱ እያሳየ፣ «አያ፣ ይሂዱ፤ ማረፍ እንፈልጋለን» አለ። ሄዱ። እኔም ከተፈጥሮ ጋር አደርኩ፤ ስለ ተፈጥሮ ከዚያ ወዲህ ደግ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ደርቆ ቆርቆሮ መስሏል። አዲሱ ልብስ ጤዛ ጠጥቶ ተጨማድዷል። የአስተማሪው ሞተር ጭራሽ አልነሳም፤ እያስጓራ ይገባል የተባለው ሰልፍ እየተገፋ ገባ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ቆሞ ይስቃል። የልጅቱ አባት የትኛው እንደሆኑ አንዱን ጠየቅነው። «እኚያ ናቸው» ብሎ በአገጩ አመለከተን።

የማታው ሽማግሌ! ወይኔ! ሙሽራችን የኔን ክንድ ጨምድዶ ያዘ፤ ጥፍሩ ገባ።

እሳቸው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ስመው ተቀበሉን፤ ቤታቸው አስገቡን። ቁንጫ አልነበረም፤ ቤቱ ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። የማታው በግ ወጥ ሆኖ ቀረበ። በየተራ አጎረሱን፣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው፣ በሞቴ» እያሉ። አስተማሪው እንደ ተራበ ተኩላ በላ፤ እኔም አላፈርኩም። ሙሽራው አንዷን ጉርሻ ሲያላምጥ እኛ ገበታውን ጨረስን። እጃችንን ታጥበን ስናበቃ ወደሱ ዞሩ።

«እንደምትመጣ አውቄ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሞተር ነው የሚመጣ ብለውኛል፤ በጉን ያረድኩት የሞተሩን ድምፅ ስሰማ ነው። ቤታችንን ይዘን ነው የምንሄደው አልከኝ። ልጄን ሰጥቼህ ልጠይቃት ስነሳ፣ የትኛው ሜዳ ልምጣ?»

ማታ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔም ልስቅ ከጅሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ማን መሆኔን አለማወቅህ አልከፋኝም። የማታውቀውን ሽማግሌ እንዲያ ካባረርክ፣ ልጄን የለመድካት ዕለት እንዴት ልታናግራት ነው?»

ጓደኛዬ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አለ። በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ የራሱ ድምፅ ነበር። በሁለት እጃቸው አነሱት።

«ይቅር ብያለሁ፣ ልጄ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ። የልጄ ነገር ግን ሌላ ነው።»

እንደ ወጉ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙን። ሞተሮቹ አልነሳ ሲሉ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከሰዎቻቸው ጋር ከኋላ ገፉልን። ቁልቁለቱ ላይ ተነሱ። እኔ ከሙሽራው ኋላ ተቀምጬ ወገቡን ይዣለሁ፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። የመንገዱ ጠጠር ነው ብዬ ነበር፤ ዳባት ገብተን ሞተሩ ሲጠፋም ግን መንቀጥቀጡ አልተወውም።