ሳትጠገን የተተወችው መዳመጫ

አዋሽ ላይ የተወራው እንዲህ ነበር፦ ኸሊዳ የከባድ መኪና ሹፌሩን ዋሲሁንን ሚሌ ላይ በድብቅ አግብታዋለች፤ ያውም በሦስተኛ ሚስትነት። ዓርብ ዓርብ ሻንጣዋን ይዛ ተሳቢው ላይ ስትሳፈር ያላየ የለም፤ ያላየውም እንዳየ ሆኖ አውርቷል። የዋሲሁን ሃይማኖት ሦስት ሚስት እንደማይፈቅድ ትዝ ያለው ግን አልነበረም።

እውነቱ ለወሬ አይመችም። ዋሲሁን ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ሰመራ ያደርሳታል፤ እሷም ቅዳሜና እሁድ የፋብሪካ ጥገና አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። መልካ ወረር አቅራቢያ ባለ ጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ናት። ፋብሪካው ደግሞ እንደ ሃይማኖት የሚጠብቀው ደንብ አለው፦ የሚሠራ ማሽን አይነካም፤ ካልቆመ አልታመመም። ኸሊዳ የምትማረው ይህን ለመሻር ነው። ሳይሰበር መጠገን እንደሚሻል በማስረጃ ካላሳየች፣ አለቆቿ ዘንድ ነገሯ የሴት ጭቅጭቅ ሆኖ ይቀራል።

ለመመረቂያ ጥናቷ ሁለት መዳመጫዎች መረጠች። አንደኛዋን በየጊዜው እያስቆመች ግራሶ ታስቀባታለች፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ሳያረጅ ታስቀይራለች። ሁለተኛዋን ለማነጻጸሪያ ብላ በዱሮው ደንብ ተወቻት።

የሁለተኛዋ ኦፕሬተር ከወሎ የመጡት ጋሽ ከማሉዲን ነበሩ።

«ለኔዋ እንጀራ እናት ሆንሽባት!» ይሏታል። «ያቺን በቅቤ፣ ይቺን በጥፊ!»

«ጋሽ ከማል፣ ይቺ ካልተሰበረች ያቺ መትረፏን ማን ያምነኛል?»

«በይ እንግዲህ፣ ልቅሶዋን እንጠብቃ!»

ሳቀች። የሰማው ሁሉ ሳቀ።

ጥጡ በሚጎርፍበት ወቅት የሁለተኛዋ ኩሽኔታ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ከማሉዲን መዳፋቸውን አስጠግተው ቶሎ ሳቡት። «ወላሂ፣ ይሄማ ምጣድ ሆኗል። አስቁሚልኝ ልጄ።»

አዲሱ ኩሽኔታ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ ኸሊዳም ታውቃለች። ቢቀየር ግን ማነጻጸሪያው ፈረሰ፤ ልፋቷንም ውኃ በላው።

«ትንሽ ይታገሱኝ ጋሽ ከማል። በራሷ ትቁም።»

ታገሷት። ልጄ ካሉ በኋላ እንዴት እምቢ ይበሉ?

በራሷ አልቆመችም። የጋለው ኩሽኔታ የጥጡን ብናኝ አቀጣጠለው፤ እሳቱ ጣራ እስኪነካ ያየው የለም። ሌላው ሠራተኛ ሲወጣ ጋሽ ከማሉዲን ማሽኗን ሊያጠፉ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ጀናዛቸው ሲሸኝ ከፋብሪካው የመጣው ቀባሪ ሁሉ ፀጉሩ ላይ ጥጥ ነበረበት።

አዋሽ ስለ ሹፌሩ ማውራት ተወች። ስለ ኸሊዳ ምን ብላ እንደምታወራ ግን አላወቀችም፤ ልጅቷ ስታልፍ ዝም ይባላል። ሐሜት የለመደ ሰፈር ዝም ሲል ከስድብ ይብሳል።

ጥናቷን ጨረሰችው። የኩሽኔታውን ጩኸት፣ መጋዘን የተቀመጠውን አዲሱን፣ «ይታገሱኝ» ማለቷን ሳይቀር ጻፈች። ሰመራ ላይ ልታቀርበው ስትቆም ከአዋሽ የተገኘው ዋሲሁን ብቻ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ የሰማውን ነው የነገረን።

«ውጤቱ ግልጽ ነው» አሉ ፈታኙ መነጽራቸውን እያወለቁ። «በጊዜው ያልተጠገነ ማሽን አደጋ ያደርሳል። የምትጨምሪው አለ?»

«ይሄንንማ ሳልማርም አውቀው ነበር» አለች ኸሊዳ። «ጋሽ ከማልም ያውቁት ነበር። ታዲያ እኔ ያጠናሁት ምኑን ነው?»