«ወለተ» ላይ የቆመው መስመር

ከባለቤቴ ከሙሉጌታ ጋር መጨረሻ የሠራነው ነገር አንሶላ ማጠፍ ነበር፤ እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። «ሳቢው እንጂ! መረብ የያዝሽ ነው የምትመስይው» ብሎ ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። በማግስቱ ታመመ፤ አልተነሣም። ለእሱ ያልነገርሁትን ለማንም አልተናገርሁም።

የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ሙሉጌታ ሐይቁ ዳር ባለው ደብራችን የጽዋ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ የሟቾችን የክርስትና ስም በኮምፒውተር የመዘገበው እሱ ነው። እያንዳንዱ ስም ለብቻው በአንድ ረድፍ ተቀምጧል። ቄሱ ግን ሳያቋርጡ የሚያነቡት አንድ ተከታታይ ጽሑፍ ፈለጉ። ረድፎቹን ሰብስቦ በነጠላ ሰረዝ እያያያዘ አንድ የሚያደርገውን ትእዛዝ ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ቋንቋ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እኔ። ቸኩዬ ስለነበር የሞከርሁት በእንግሊዝኛ ፊደል በጻፍኋቸው ስሞች ነው። ዳታቤዙ ለተያያዘው ጽሑፍ ልክ አለው፤ ልኩ ሲሞላ የቀረውን ይቆርጣል። የእኛ ፊደል ደግሞ ሦስት እጥፍ ቦታ ይይዛል። አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ምነው ማሽኑስ አንዲት የስሕተት ቃል ቢጽፍልኝ!

በማኅበሩ ቀን ቄሱ ሙሉጌታ ገልብጦ ያተመላቸውን ወረቀት አነበቡ፣ አነበቡና «ወለተ» ላይ ቆሙ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ወለተ ማን?» አሉ።

ወለተ ሥላሴ ነበረች፤ የእትዬ ዘውዴ ልጅ። በቅርብ ስለሞተች መጨረሻው ረድፍ የእሷ ነው። እትዬ ዘውዴ ወደ ሙሉጌታ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ግማሿን ነው እንዴ የቀበርናት?» አሉት።

ቤት ገብቼ ከእሱ ቀድሜ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ስሟ በረድፉ ሙሉ ነው። የቆረጣት የእኔ ትእዛዝ ነው። አየሁ፤ አይቼም፣ «ወደ ወረቀቱ ስትገለብጥ አንተ አስቀርተሃታል» አልሁት። አመነኝ። እንዴት አያምነኝ? በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ ዘውዴ እግር ላይ ወደቀ። «እጄ አይታመንም» ብሎ ጸሐፊነቱንም ተወ። እኔስ? እሱ ደጃቸው ተንበርክኮ ሳለ የጽሑፉን ልክ ከፍ አድርጌ ትእዛዜን አስተካከልሁ።

ደክሞኝ ነበር እንዳልል አልደከመኝም። ባለሙያ ናት መባሉ እንዳይቀርብኝ ነው። ይቅር የሚለኝ እሱ ነበር፤ አሁን ማንን ልለምን?

ወረቀቱን ዛሬ የማትመው እኔ ነኝ። መጨረሻው ረድፍ የእሱ ነው፤ በክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን። ቄሱ ስሙን አንብበው እስኪጨርሱ ቆሜ እሰማለሁ።