ነጭ የደም ሴል ሲራመድ

«ይሄ ቀለም እስከ አርብ ካልሠራልሽ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል» አሉኝ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ። ቀለሙ በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ዱቄት ነው። እኔ ነጭ የደም ሴል ሲራመድ ላይበት ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን «የሚንቀሳቀሰው ውሃው ነው፤ ራስሽን አታታልይ» ይሉኛል። በደርግ ጊዜ መቱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን መብራት ከየት ይመጣል? ቢሆንም እልህ ያዘኝ።

የመስኮቱን ፀሐይ በማይክሮስኮፑ መስተዋት ተቀበልኩ፤ መሀል ላይ የመዳብ ጨው የሟሟበት ሰማያዊ ውሃ በጠርሙስ አቆምኩ። ዓይኔን ለምደግንበት ማያ ደግሞ፣ ሰማያዊውን አስቀርቶ የሴሉን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ቢጫ መስታወት ከፎቶ ቤቱ ጋሼ ለመንኩ። «እኔ ደመና አሳምርበታለሁ፤ አንቺ ደም ልታሳምሪበት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ግን ሰጡኝ።

ከዚያ ደግሞ ዝናቡ! ሰኞ ዘነበ፣ ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ ፀሐይ ብትወጣ የጣቴን ደም ከቀለሙ ጋር ስላይድ ላይ አደረግኩ። ሴሉ አረንጓዴ ሆኖ በራ፤ ግን ድርቅ ብሎ ቀረ። በርዶት ይሆናል ብዬ ሐሙስ በአዲስ ደም የሠራሁትን ስላይድ በብብቴ አሞቅኩት። ተንቀሳቀሰ! በደስታ ዓይኔን ሳልነቅል ሳየው ተኮማትሮ ቆመ። ለካ የማይበት ብርሃን ራሱ ነው የሚገድለው። እኔው ገድዬው እኔው አዝናለሁ፤ በራሴ ተናደድኩ።

አርብ ኃላፊው መጡ። ለምልክት እንዲሆን ከፀጉሬ ቆርጬ ማያው ውስጥ አጋድሜያለሁ።

«ሴሎቹ ከፀጉሩ በየት በኩል ናቸው?» አልኳቸው ማያው ላይ ሲያጎነብሱ።

«አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።»

ወዲያው መስተዋቱን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ምን ታደርጊያለሽ?» ተቆጡ።

«እንዳይሞቱ ነው ጋሼ፤ ትንሽ ይታገሱኝ።»

ቆይቼ ገለጥኩ፤ ሸፈንኩ፤ እንደገና ገለጥኩ። የግራው ወደ ቀኝ ተሻግሯል፣ የቀኙ ወደ ግራ። መቼም ውሃ ባንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አይወስድ!

«ኒ ዴማ!» አሉ፤ የመቱ ጎረቤት የሆነችው የቡሬ ሰው ናቸው፣ ሲገረሙ ኦሮምኛ ነው የሚቀናቸው። «ይሄዳል እኮ!»

ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ስንት ቀን የተዘጋጀሁበትን ተውኩት። ደስ ብሎኝ፣ እስኪጠግቡ ይዩ ብዬ መዳፌን እንዳነሳሁ ቀረሁ።

«ሸፍኚው!» ብለው ጮኹብኝ፣ ዓይናቸውን ከማያው ሳያነሱ። «ሸፍኚው እንጂ፣ ልትገድይው ነው?»