ይቅርታ በሳህን

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ወገብ በሜትር እንጂ በምላስ አልለካም። እህቴ ቤት ግን ሜትሩ ምላስ ነው፤ ቀን ከሌት የሚለካውም የልጇ ወገብ ነው። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወፍራም ናት፤ ስትዘፍን ደግሞ አንጀት ታርሳለች።

አባቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ያዙ ሲል ይውላል፤ ቤቱ ሲገባ የራሱ አፍ ፍሬን የለውም። ማንኪያ ባነሳች ቁጥር ያሸማቅቃታል። ኋላ ሆዱ ይባባል፤ ይቅርታ ማለት ግን ሞቱ ነው። እና ምን ያደርጋል? ኬክ ገዝቶ ይመጣል። እህቴም ያው ናት፤ ተቆጥታ ስታበቃ ብስኩት ታቀርባለች። በዚያ ቤት "አጥፍቻለሁ" የሚባለው በሳህን ነው። ልጅቷም ንዴቷን በዚያው ታፍነዋለች፤ ሌላ መንገድ ማን አሳያት? ሲከፋሽ ብዪ ብለው አሳድገው፣ ለምን በላሽ ይሏታል። ጉድ እኮ ነው!

ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ ልጅቷን ትታ ወላጆቹ ላይ ዞረች፤ ሲከፋት አናግሯት እንጂ በምግብ አታባብሏት አለቻቸው። አባትየው እሺ፣ እሺ አለ። ገና ከግቢው ሳይወጡ፣ ነገሩ ከብዷት ይሆናል ብሎ አይስክሬም ገዛላት።

ባለፈው ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ጓደኞቿ ለልምምድ ቤት መጡ። በማግስቱ መድረክ ላይ ለብቻዋ የምትዘፍነው እሷ ነበረች። አባትየው በመካከላቸው፣ ወንበሩ እንዳይሰበር ቀስ ብለሽ ተቀመጪ አላት። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እነሱ ሲሄዱ መኝታ ቤቷ ገብታ ቆለፈች። አልዘፍንም፣ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም አለች።

አባትየው ሮጠ፤ ወደ ኬክ ቤት። እኔ የመድረክ ቀሚሷን ልለካላት ስደርስ፣ ኬኩን ታቅፎ በሯ ላይ ቆሟል። የምትወጂውን አመጣሁልሽ ይላታል።

"ኬክ አልፈልግም፣ አባዬ። ምን እንደምፈልግ ታውቃለህ።"

ሰውየው ከኬኩ ጫፍ ቆርሶ ጎረሰ። ሊናገር ከንፈሩን ያላቅቅና ደግሞ ይጎርሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሹን ጨረሰው፤ ለካ ልጅቷ ይህን የተማረችው ከእሱ ነው! በመጨረሻ በሞላ አፉ አንድ ነገር አጉተመተመ።

"መጀመሪያ ዋጠው፣ አባዬ" አለች ከውስጥ። "ከዚያ ንገረኝ።"

ዋጠ። "በሰው ፊት አሳፈርኩሽ፣ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። ኬኩን ዞራ ሳታየው ወደ እኔ መጥታ ቀሚሱን እንለካ አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሜትሬን ዘረጋሁ። እህቴማ እንባዋን እየጠረገች ወደ ጓዳ ሮጣ፣ ብስኩት የሞላ ሳህን ይዛ ተመለሰች።

ልጅቷ ሳህኑን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና እናቷን አቀፈቻት።

"እማዬ፣ ደስ ሲለንም ዝም ብለን ደስ ይበለን።"