ወንድሜን ከተራራው ያወረድኩ ቀን

ያን ቀን ጠዋት ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ እያርገበገበ አላነጋግር ብሎናል። ታላቅ ወንድሜ የተራራ መሪ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ይዞ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። እኔ ደግሞ ለተጓዦቹ አበስል ነበር።

እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሰው አእምሮ ይዛባል። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ደንብ አለው። በየማለዳው እያንዳንዱን ተጓዥ ፊቱ አቁሞ የጫማውን ክር ፈትቶ እንዲያስር ያዘዋል። እጁ የተደናበረ ሰው ቢለምንም ቢያለቅስም ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይወጣም። መሪውን ግን የሚመረምረው የለም።

ያን ቀን የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አጥልቆ ከክሩ ጋር ሲታገል አየሁት።

«ወንድምጋሼ፣ ጫማህን አዛንፈኸዋል።»

«እጄ ደንዝዞ ነው። አንቺ ድስትሽን ጠብቂ።»

«ራስህን ያምሃል እንዴ?»

«እኔን የሚያመኝ ያንቺ ጥያቄ ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አላቆመም። ተጓዦቹም አብረውት ሳቁ።

ግራ ገባኝ። ብርድ እጅ ያደነዝዛል፣ እውነት ነው። ሰው ፊት ብናገር ምክትሉ ቦታውን ሲመኝ የኖረ ነው፤ ወሬው የአሠሪያችን ቢሮ ይደርስና ወንድሜ ከእንጀራው ይፈናቀላል። ዝም ብል ደግሞ በዚያ እግሩ ገደል አፋፍ ላይ ሊሄድ ነው። አራት ልጆች አሉት።

ምድጃው አጠገብ ዘፍ አልኩና «ዓይኔ ጨለመብኝ፤ አንተው አውርደኝ» አልኩት።

ለራሱ ብለምነው እሺ አይልም ነበር። ለእኔ ሲሆን ተጓዦቹን ለምክትሉ ሰጥቶ ክንዴን ይዞ ወረደ። መንገድ ላይ እናታችን ቤት እየጠበቀችን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሲቀልድ ይሁን ሲዘባርቅ አላወቅኩም።

ታች ስንደርስ ውሃ ጠጣና የፊቱ መልክ ተመለሰ።

«ተሻለሽ?»

«ተሻለኝ።»

«እንግዲህ ተራራ ላንቺ አይሆንም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰዎች ተራራ ምን አስተማረሽ ይሉኛል። እኔ እንጃ። ወንድሜን አትርፌ ይሆናል፤ ወይ ለደነዘዘ እጅ ስል ሥራዬን ጥዬ ይሆናል። እሱም ገብቶት ዝም ብሎኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ።

አሁን ሆስፒታል ማብሰያ ቤት ነው የምሠራው። ወንድሜ ዛሬም ሰው ይዞ ይወጣል።