የድመቴ ሽንትና የሠላሳ ዓመት ሙያዬ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደም፣ ሰገራና ሽንት ስመረምር ኖሬያለሁ። ብልቃጡን ገና በእጄ ስይዘው የታማሚውን ችግር ገምቼ፣ የማሽኑ ውጤት እንደ ግምቴ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ድመቴ በስተርጅናዋ ከምትጸዳዳበት ሳጥን ውጪ መሽናት ስትጀምር ማንንም ልጠይቅ አላሰብኩም። በዚህ ቤት ስለ ሽንት የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ድመቷ የመጣችው ሰበታ ላይ ቤታችንን ሠርተን በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ከፊት ለፊታችን እህል የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉን። የመጋዘናቸው ድመት ወልዳ ኖሮ የባለሱቁ ሚስት አንዷን ግልገል በካርቶን ይዛልኝ መጣች። "እትዬ፣ የዚች እናት አንድ አይጥ አታሳልፍም። ልጇም እንደሷ ነው የምትሆነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ኮርኒሳችን ውስጥ አይጥ ሲሮጥ ሰምተን አናውቅም።

ባሌ ግን ድመት አይወድም። ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሰ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። እሱ ሳሎን ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ስትገባ እሱ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይይዛል። እንዲህ ተከባብረው ኖሩ።

ድሮ የምትጸዳዳው ጓሮ አፈር ላይ ነበር። ግቢውን ሲሚንቶ ስናስለብሰው ቦታ አጣች። ያኔ ከአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ታችኛውን ክፍል አስቆርጬ አሸዋ ሞላሁበትና መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጥኩላት። አሸዋው እንዳይበተን ብዬ ጠርዙን ከፍ አስደረግኩት፤ ሁለት ስንዝር ግድም ይሆናል። በሁለት ቀን ለመደችው።

ባለፈው ዓመት ክረምት አንድ ጠዋት ባሌ በካልሲው የሳሎኑን ምንጣፍ ሲረግጥ እርጥብ ሆኖ አገኘው።

"ይቺ ድመት ከኔ ጋር ጠብ አላት" አለ ካልሲውን እያወለቀ። "አውቃ ነው።"

"ድመት ቂሟን በሽንት አትወጣም" አልኩት። "ታማ ነው።"

"አሥራ አራት ዓመት ኖረች እኮ። ወደ ተፍኪ የሚሄድ ሰው ካገኘሁ እርሻ ላይ እንዲለቃት እሰጠዋለሁ።"

እኔ ግን ሥራዬን ጀመርኩ።

ጠዋትና ማታ አሸዋውን በአሮጌ ጭልፋ እየገለበጥኩ አየሁ። እርጥቡ ጓል ድሮ የእንቁላል ያህል ነበር፤ አሁን ብርቱካን አክሏል። ቀኑን ሙሉ ይበቃት የነበረውን ውኃ ረፋድ ላይ ጨርሳ ሳህኑን ትልሳለች። ጎረቤቴ ዘንድ ወስጄ በእህል ሚዛን አስመዘንኳት፤ ሦስት ኪሎ ከሩብ። ድሮ አራት ኪሎ ታልፍ ነበር። ብዙ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፣ ትከሳለች። ስኳር ነው ብዬ ደመደምኩ። ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ተቀበልኩና አሸዋው ላይ ላስቲክ አንጥፌ ስጠብቅ ዋልኩ። ወረቀቱን ነክሬ ቀለሙን አየሁት። ስኳር የለም። በማግስቱ ደገምኩት። አሁንም የለም። በሙያዬ ተሳስቼ አላውቅም አልልም፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ቡራዩ አንድ የእንስሳት ሐኪም አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ክዳን ባለው ዘንቢል ከትቻት ልወጣ ስል ባሌ ኮቱን ለብሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"አንቺ ወገብሽን ያምሻል፤ አምጪው" ብሎ ዘንቢሉን ተቀበለኝ። ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው። ስትጮህ ክዳኑን በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርግላታል።

ክሊኒኩ ደጅ ላይ ጥጃ ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ዘንቢሉ ውስጥ አዩና "አዱሬ?" አሉ በኦሮምኛ፣ ድመት ሐኪም ቤት ስትመጣ አይተው እንደማያውቁ ሁሉ። እኔም በኦሮምኛ ዕድሜዋን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ጥጃቸውን ወደ ጎን ስበው "ለአሮጊቷ ተራዬን ለቅቄያለሁ" አሉን።

ሐኪሙ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ሆዷን በሁለት እጁ ዳበሰ፣ ደም ወሰደ፣ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። የአሸዋውን ነገር ስነግረው መጻፉን አቁሞ ቀና አለ።

"እማማ፣ እንዲህ ተከታትሎ የሚነግረኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም" አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ውጤቱ ሲመጣ ኩላሊቷ መድከሙን ነገረን። አይድንም፤ ግን በምግብና በውኃ ሊያዝ ይችላል።

"ሳጥኗ ውስጥ ጭራሽ አትገባም?" ሲል ጠየቀ።

"አንዳንዴ ትገባለች፣ አንዳንዴ ትተወዋለች" አልኩት።

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ፊት ለፊቱ ትቆማለች" አለ። "አንድ እግሯን ታነሳና መልሳ ታወርደዋለች። ከዚያ ወደ ምንጣፉ ትሄዳለች። እኔም ይኼ ጉልበቴ ከያዘኝ ወዲህ ደረጃ ስር እንደዚያ ነው የምሆነው።"

ዞሬ አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ከጋዜጣው ጀርባ ሆኖ ሲያያት ነበር ማለት ነው። እኔ አሸዋውን ስገለብጥ እግሯን አላየሁም።

ሐኪሙ ወለል ላይ አወረዳትና አረማመዷን ተመለከተ። ዳሌዋን ጫን ሲያደርገው ጥርሷን አሳየችው። "አባባ ልክ ናቸው" አለ። "ሁለት ሕመም ነው ያለባት። ብዙ ትሸናለች፤ ጠርዙን መሻገር ደግሞ ያማታል። ሳጥኑን ዝቅ አድርጉላት።"

ባሌ ከኮቱ ኪስ የጉልበቱን ክኒን አወጣ። "ከዚህ ሩቡን ብሰጣትስ?"

"እንዳያደርጉት አባባ። የሰው ማስታገሻ ድመት ይገድላል። የሷን እኔ አዝዝላታለሁ።"

እኔም ከሳምንት በፊት ስትሸና ያማት እንደሆን ብዬ ይህንኑ አስቤ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ቤት እንደደረስን ባሌ ኮቱን ሳያወልቅ መጋዙን ፈለገ። የበርሜሉን አንድ ጎን አራት ጣት ከፍታ እስኪቀረው ቆርጦ መግቢያ አበጀለት፤ እንዳይቧጭራት ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰው። ከቀረው በርሜል ሌላ ሠርቶ ኩሽናው አጠገብ አስቀመጠ። አሸዋው እግሯን ይቆረቁራት ይሆናል ብሎም ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አመጣ። ሁለት ቀን ሙሉ አሸተተችው እንጂ አልገባችበትም። በሦስተኛው ቀን ወደ አሸዋው ተመለስን፤ እሷም ገባች።

ከዚያ ወዲህ ምንጣፋችን ደረቅ ነው። በየሳምንቱ እህል ቤት እየሄድን እናስመዝናታለን። መጀመሪያ ትንሽ ቀነሰች፤ አሁን ሦስት ኪሎ ላይ ረግታለች። ውኃዋን በሦስት ቦታ አኖራለሁ፤ ምግቧን በመረቅ አለሰልሳለሁ። አንድ ቀን እንደማትነሳ አውቃለሁ። የሚመጣውንም ቀድሜ ከአሸዋው ላይ አነበዋለሁ፤ በዚህ አልታማም።

ባለፈው እሑድ ባሌ ሱሉልታ የእህቱ ልጅ ሠርግ ሄዶ ነበር። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው። ከበስተጀርባው ከበሮና እልልታ ስለነበር እየጮኸ ነው የሚያወራው።

"ሸናች?" አለኝ።

"ሁለት ጊዜ።"

"የት?"

"ሳጥኗ ውስጥ።"

"ጥሩ" ብሎ ዘጋው።